ባዶው አራት ሰከንድ

የፍቅር ደብዳቤ የሚደበቅበት ቦታ ብዙ ነው፤ ዲያቆን መባ የመረጠውን ግን ወረታ ላይ ቀርቶ ሌላም አገር የመረጠው ሰው ያለ አይመስለኝም። የእሱ ደብዳቤ የሚጀምረው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው። የማለቂያው ዘፈን ተዘፍኖ፣ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ወደ ላይ ሄዶ ሄዶ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሲሆንና ጤነኛ ተመልካች ሁሉ ዘግቶ ሲነሣ፣ ያኔ የመባ ቃላት በግርጌው አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። እያንዳንዷ መስመር አራት ሰከንድ ትቆይና ትጠፋለች። ማስቸኮል አይቻልም። ቢታንያም ይህን ስለምታውቅ፣ የዚያን ሐሙስ ከሥራ ገብታ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን የነሐሴ ዝናብ እየሰማች ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቀች።

ሁለቱን ያገናኛቸው የተሰነጠቀ ስልክ ነው። ቢታንያ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች የሩዝ ዘር ባለሙያ ናት፤ መቶ ፍሬ ሩዝ እርጥብ ወረቀት ላይ ደርድራ ስንቱ በቀለ፣ ስንቱ ሞተ ስትል ውላ ትገባለች። መባ ደግሞ ከደብረ ታቦሩ መገንጠያ አጠገብ ስልክ የሚጠግንባት፣ ፊልም የሚጭንባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችው፤ ሰንበትና በዓል ሲሆን ከቁሐር ሚካኤል ወዲያ ሜዳው መሀል ባለችው የአባቱ አጥቢያ ይቀድሳል። የዛሬ ዓመት ገደማ ስልኳን ልታሠራ ስትገባ፣ ከተሰነጠቀው መስታወት ሥር አኒሜ ከሚባለው የጃፓን ተንቀሳቃሽ ሥዕል የአንዲትን ልጅ መልክ አየና ዕቃውን ገና ሳይፈታ ጠብ ጀመረ።

«ይህችን ልጅ ፊቷን ቀይረውታል» አላት።

«አልቀየሩትም፤ አሳመሩት።»

«እኮ፤ ያው ነው።»

ዲያቆንና አኒሜ ምን አገናኛቸው የሚል ካለ መባን አያውቀውም። ወረታ አክስቱ ቤት ተቀምጦ ሲማር፣ በዓረብ ሳተላይት ቋንቋው ሳይገባው ሥዕሉን ብቻ እያየ ያደገ ልጅ ነው። በስልኳ ላይ ያየው «የድልድዩ ጠባቂ» የሚባለውን ሲሆን፣ ይህ ታሪክ ሁለት ጊዜ ተሠርቷል። የመጀመሪያው ከሠላሳ ዓመት በፊት በእጅ እየተሳለ የተሠራ፣ ሃያ ስድስት ክፍል ያለው፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ አንድ ሙሉ ክፍል ዝናብ ብቻ የሚዘንብበት ነው። ሁለተኛው ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ አሥራ ሁለት ክፍል ብቻ፣ ቀለሙ ዓይን የሚወጋ፣ ያን ዝናብ በሁለት ደቂቃ የገላገለው። ታሪኩ አንድ ነው። ሳዮ የምትባል ልጅ ከአያቶቿ የወረሰችውን ድልድይ ትጠብቃለች፤ ፋኖሱን ካላበራች መንደሩ ከዓለም ይቆረጣል፤ ስለዚህ ከዚያ መራቅ አይፈቀድላትም። አንድ መንገደኛ ይመጣል፣ ይዋደዳሉ። በመጀመሪያው መንገደኛው አልፎ ይሄዳል፣ እሷ ከፋኖሷ ጋር ትቀራለች። በአዲሱ ፋኖሱን ለመንደሩ ሰው አስረክባ አብራው ትሄዳለች።

መባ አሮጌውን፣ ቢታንያ አዲሱን ለሱቁ ደንበኞች በግርጌ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሊመልሱ ተከፋፈሉ። ዳታ ከጠፋ ወራት ስላለፉ የሚለዋወጡት በሚሞሪ ነበር፤ እያንዳንዱ ሚሞሪ ደግሞ ጠብ ይዞ ይመለሳል።

«ሳዮን ‹አንተ ሆይ› አስብለሃታል» ትለዋለች። «ቅዳሴ መሰለህ እንዴ?»

«እና እንዳንቺ ‹ስማ እንጂ አንተ› ትበለው? ጨዋ ልጅ ናት።»

ከሁሉ የማይታረቁት በመጨረሻው ክፍል ነው። «ለመሆኑ ፋኖሱን ማን ይይዝላታል?» ይላል መባ። «የመንደሩ ሰው» ስትለው፣ «የመንደሩ ሰው ስም የለውም? በስሙ ጥሪልኝ እስቲ» ብሎ ዓይኗን ያያታል። እሷም ትስቃለች። ስትስቅ እሱ ወደ ጠረጴዛው ያቀረቅራል፤ ጆሮው ግን ይቀላል። ፍቅር የሚባለው ነገር በዚያች ጆሮ ነው የጀመረው ብል አላጋነንኩም።

እና የዚያን ሐሙስ ዘፈኑ አለቀ፣ ስክሪኑ ጠቆረ፣ መስመሮቹ መጡ።

«ቢታንያ፣ አዲሱን እስከ አሥራ ሁለተኛው ክፍል አየሁት።»

ፈገግ አለች። ለወራት ከአራተኛው አላልፍም ብሎ ያሾፈባት ሰው ነው።

«እንደምታውቂው እኔ የመጀመሪያውን ነው የምወደው።»

«በመጀመሪያው መንገደኛው ከየት እንደመጣ አይነገርም። ንጹሕ ሆኖ ነው ወደ ድልድዩ የሚደርሰው።»

«በአዲሱ ግን ሌላ ድልድይ ሲጠብቅ ኖሮ፣ ያም ፈርሶበት፣ ጥሎት የመጣ ሰው አደረጉት።»

«አንዱ የፈረሰበት ሰው ሌላ ድልድይ ላይ ምን ይሠራል? ብዬ ተናደድኩ።»

«ንጹሑን አቆሸሹት አልኩ።»

ላፕቶፑን ጠርቅማ ዘጋችው።

ሻንጣዋ ውስጥ፣ ከክረምት ሹራቧ በታች፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የፍቺ ወረቀት አለ። በሃያ ሁለት ዓመቷ አግብታ በሰባት ወሯ ፈትታለች፤ ሰውየው ሌላ ሴት ነበረችው። ወረታን የመረጠችው ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው ስለሌለባት ነው። ለመባ ልንገረው፣ ዛሬ ልንገረው ስትል ዓመት ሆናት። መንገሩ ተራ ነገር ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ወር ነግራው ነበር። ግን ዲያቆን ቄስ ከመሆኑ በፊት ያገባል፣ የሚያገባት ደግሞ ወንድ ያላወቀች መሆን አለባት። ፈት ያገባ ዲያቆን ድቁናው ይፈርሳል፤ ከዚያ ወዲያ መቅደስ አይገባም። ይህን ካወቀች ጀምሮ መንገደኛውን ከሳዮ አብልጣ የወደደችው በከንቱ አልነበረም።

አሁን አንድ ሰው ነግሮታል ማለት ነው። ፊቷ ላይ መናገር አሳፍሮት በፊልም አስመስሎ ጻፈላት። ቆሻሻ አላት። ክፍሏ ውስጥ ማንም ሳይኖር ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ እንዲህ ያለ ኀፍረት ከሰባቱ ወርም በአንዱ ደርሶባት አያውቅም።

በማግሥቱ ከሥራ ስትወጣ እግሯ በራሱ ወደ ሱቁ ወሰዳት። መባ የአንድ ገበሬ ስልክ ባትሪ እየቀየረ ነበር። ሲያያት ካቻቢቴው ከእጁ ወደቀ። ፊቱ እንዲህ ሲበራ አይታ አታውቅም፤ ይህም ጭካኔ መሰላት።

«አየሽው?» አላት፣ ገበሬው እንዳይሰማ ዝቅ ብሎ።

«አየሁት።»

«እስከ መጨረሻው?»

«ማየት ያለብኝን አይቻለሁ።»

ፈገግታው ትንሽ ደነገጠ፣ ግን አልጠፋም። «እና... መልስሽ?»

«መልሴ በጽሑፍ አይደለም። ፊት ለፊት ነው የምነግርህ።»

ጆሮው ቀላ። ይህን ነው መቻል ያቃታት። «እንግዲያው እሑድ ነይ» አለ። «ከቅዳሴ በኋላ ከቁሐር ዳር በታንኳ እወስድሻለሁ። አባም ሊያዩሽ ፈልገዋል።»

አባቱም ሰምተዋል ማለት ነው። የልጃቸውን ድቁና ልታፈርስ የነበረችውን ሴት ለማየት ፈልገዋል። እንቢ ማለት ይቻል ነበር። ቢታንያ ግን ተሰድባ በጓሮ በር የምትወጣ ሴት አይደለችም። «እመጣለሁ» አለችና ወጣች። ባጃጅ ተራው ጋ ስትደርስ ወደ ኋላ ዞር ብላ አየችው። በሩ ላይ ቆሞ እያያት ነበር። ጠላሁት ልትል ሞከረች፤ ልቧ አልታዘዛትም።

እሑድ ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። ከቁሐር ወዲያ የፎገራ ሜዳ ሜዳነቱ ቀርቷል፤ የርብ ወንዝ ሞልቶ ተርፎ ሁሉንም ውጦታል፤ ከውሃው በላይ የሚታየው የሩዙ ጫፍና እዚህም እዚያም የአጥር እንጨት ነው። መባ ነጠላውን አጣፍቶ ታንኳው ላይ ቆሞ ጠበቃት። ከሌሊት ጀምሮ ሲቀድስ ያደረ ሰው ነው፤ ድካሙ ግን ፊቱ ላይ የለም። ከፊት ለፊቱ አስቀመጣትና ረጅሙን ዘንግ እየተከለ ገፋ። ሩዙ ታንኳውን ግራና ቀኝ እየዳበሰ አለፈ።

እሱ ዝምታዋን ዓይን አፋርነት አድርጎ ወስዶታል መሰል፣ አላስቸገራትም። እሷ ግን ከዳሩ ስትርቅ መፈናፈኛ እንደሌላት ገባት። ከታንኳ ወርዶ መንገድ የለም። የምትናገረውን ተናግራ ከዚያው ሰው ጋር ተፋጥጣ መቀመጥ ነው።

«ዲያቆን» አለች። «እንደዚያ ለማለት ፊልም ምን አስፈለገህ?»

«ምን ለማለት?»

«ንጹሑን አቆሸሹት ብለህ በድልድይና በመንገደኛ ከምትዞር፣ ‹አንቺ አግብተሽ የፈታሽ ሴት ነሽ፣ እኔ ዲያቆን ነኝ› ብትለኝ አጭር ነበር። እችለው ነበር።»

ዘንጉ ውሃው ውስጥ እንደተተከለ ቀረ። ታንኳው ትንሽ ተንሸራቶ ቆመ።

«ማን ነው አግብቶ የፈታው?» አለ መባ።

ቀና ብላ አየችው። ዓይኑ ውስጥ ያየችው የሚያውቅ ሰው ዓይን አልነበረም። ፊቱ አመድ መስሏል። የነገረው ሰው አልነበረም። ማንም አልነገረውም። ስለ ፊልም የጻፈው ስለ ፊልም ነበር። ዓመት ሙሉ የደበቀችውን ምስጢር፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ በገዛ አፏ ዘረገፈችው። መሬት ቢሆን ኖሮ ትሮጥ ነበር።

«እኔ» አለች ቀስ ብላ። «ሰባት ወር ነው የቆየሁት።»

«በቤተ ክርስቲያን?»

«በማዘጋጃ ቤት።»

ለአንድ አፍታ ፊቱ ተስፋ አገኘ። «እንግዲያ በቁርባን አይደለም።»

«ያ የሚረዳው እኔን ነው፤ አንተን አይደለም። አንተ ከእኔ የተሻለ ታውቀዋለህ።»

ያውቀዋል። ተስፋው እንደመጣ ሄደ። ዘንጉ ላይ ተደግፎ ውሃውን ያይ ጀመር፤ እሷም የገዛ ጉልበቷን አየች። ከሩቅ የከብት ድምፅ ይሰማል፣ ሰው ግን የለም። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው መሰላት።

«እዚህ የሚያውቅ ሰው የለም አይደል? አዲስ አበባ ሩቅ ነው። ዝም ካልን ማን ያውቃል?»

«አንተ» አለችው። «አሁን አንተ ታውቃለህ። መንበሩ ፊት የምትቆመው አንተ ነህ።»

በአፏ ይህን አለች፤ በልቧ ግን «እሺ በይው» የሚል ድምፅ ነበር። እሺ ብትለው ይዋሽላት ነበር። ይህን ማወቋ ከስድቡ የባሰ አስፈራት። መባ ዘንጉን ነቀለና እስኪደርሱ ድረስ ገፋ።

አጥቢያዋ ውሃው ያልደረሰባት አንዲት ጉብታ ላይ ናት። የመባ አባት ቄስ ገብረ ሐና የግቢው በር ላይ ቆመው ነበር፤ አንድ ዓይናቸው በሞራ ተጋርዷል፣ በደህናው ዓይናቸው ግን ከሩቅ ለይተዋታል። ቀርባ መስቀሉን ተሳለመች። ልትገሠጽ የመጣች ሰው ሆና አንገቷን እንደደፋች፣ ሽማግሌው እጇን ይዘው ደጀ ሰላሙ ሥር ካለው መደብ ላይ አስቀመጧት።

«ውሃው አላስፈራሽም? ያዲሳባ ልጅ ነሽ ብሎኝ ሳስብሽ አደርኩ» አሉ። ከተሸፈነ ሳህን ሁለት የተቀቀለ በቆሎ አወጡ። ሁለቱንም ገላብጠው አዩና ፍሬው የሞላውን ለእሷ፣ የጎደለውን ለራሳቸው አደረጉ። መባ ፈንጠር ብሎ ቆመ።

«እንግዲህ እንድታውቂው ልንገርሽ ልጄ» አሉ። «ቅዳሴ ባምስት ሰው ነው፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። ቄስ መንግሥቴ ከፋሲካ ማግሥት ካረፉ ወዲህ እኔ ብቻዬን ቀርቻለሁ። ሁለተኛውን ቄስ ከማዶ በታንኳ እናስመጣለን፤ ውሃው ሲበረታ አይመጡም። ያለፈው ሰንበት ሕዝቡን ያለ ቅዳሴ ሸኘነው። ዛሬስ ተመስገን። ይኼ ልጅ ለጥቅምት ጳጳሱ ሲመጡ ቅስናውን ከተቀበለ ቤቱ አይዘጋም። አግባ አልኩት። ያየሃት ካለች ንገረኝ፣ ከሌለች እኔ አለሁ አልኩት። አንቺን ነገረኝ። አገሯ ሩቅ ነው ብዬ ሰጋሁ እንጂ ደስ ነው ያለኝ።»

ቢታንያ በቆሎውን እንደያዘች ቀረች። የተጠራችው ለግሣጼ አልነበረም። የተጠራችው ልጃቸው ልትሆን ነበር። ወደ መባ አየች፤ እሱም አያት፤ ዓይኑ «ዝም በይ» ይላታል። ለመዋሸት መናገር እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ በቆሎውን መብላት ብቻ ይበቃ ነበር።

«አባ» አለች። «እኔ አግብቼ የፈታሁ ነኝ።»

ቄስ ገብረ ሐና አልደነገጡም፣ ወይም አላሳዩም። የራሳቸውን በቆሎ ሳህኑ ላይ መለሱት።

«እሱ ያውቃል?»

«ዛሬ፣ ታንኳው ላይ ነው ያወቀው።»

«ሌላ ሰውስ?»

«ማንም።»

«ታዲያ እኔን ለምን ነገርሽኝ?»

«የተሻለውን ስለሰጡኝ» አለች፣ በቆሎውን እያየች። እንባዋ ያኔ መጣ።

ሽማግሌው በነጠላቸው ጫፍ ደህናውን ዓይናቸውን ጠረጉ። «ልጄ ሁኚ ብልሽ ደስ ይለኛል» አሉ። «የቄስ ሚስት ሁኚ ልልሽ ግን አልችልም። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም፣ ልሽረውም አልችልም።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተንም አላዝህም። ድቁናውን ብትተወው አልረግምህም፣ ልጄ ነህ። የቤተ ክርስቲያኑን በር የምቆልፈው ግን እኔ ነኝ።»

ቢቆጡ ይሻል ነበር። ቢቆጡ የምትጠላው ሰው ታገኝ ነበር፤ አሁን ግን የሚጠላ ሰው የለም፣ ሁሉም ደግ ነው፣ መውጫም የለም።

ሲመለሱ ውሃው ያው ውሃ ነበር። መባ ዘንጉን በኃይል ይተክላል፣ በኃይል ይነቅላል። ከቁሐር ዳር ሊደርሱ ሲሉ አቆመው።

«እተወዋለሁ» አለ። «አንቺ ነሽ ልክ የነበርሽው፤ አዲሱ ነው ልክ። ፋኖሱን አስረክቤ እሄዳለሁ። ብቻ አንቺ እሺ በይኝ።»

ዓመት ሙሉ በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስትከራከርለት የኖረችው መጨረሻ ይህ ነበር። ይህን ከአፉ ለመስማት ስንት ቀን ተመኝታለች። አሁን ሲላት ግን የመጣላት የእሱ የራሱ ጥያቄ ነበር።

«ለማን?» አለችው። «ለማን ታስረክባለህ? በስሙ ጥራልኝ።»

መባ ወደ መጡበት፣ ወደ ጉብታዋ ዞረ። ከዚያ ፊቱን መለሰና ዘንጉን ገፋ። ስትወርድ እጁን ዘርግቶ ደገፋት፤ ከዚያ በፊት ነክቷት አያውቅም። እጁ በዘንጉ ተልጦ ነበርና እሷም እንዳያመው ፈርታ አላጠበቀችውም፤ በኋላ ግን አጥብቄ ይዤው በነበር ብላ ተቆጨች።

ቤቷ ስትደርስ ገና አሥር ሰዓት አልሞላም። ጫማዋን ሳታወልቅ ላፕቶፑን ከፈተች። «እስከ መጨረሻው?» ያላት ትዝ ብሏታል። ዘፈኑን ጠበቀች፣ ስሞቹን ጠበቀች፣ ያን ክፉ መስመር እንደገና አነበበችው። «ንጹሑን አቆሸሹት አልኩ።» አራት ሰከንድ ቆየና ጠፋ። ከዚያ ሌላ መጣ።

«ይህን ያልኩት ግን ስምንተኛው ክፍል ላይ ነበር።»

«ከዚያ አንቺ የተረጎምሽውን አሥራ አንደኛውን አየሁ።»

«መንገደኛው ሳዮን ‹የመጀመሪያው ሲፈርስ የትኛው እንጨት ቀድሞ እንደሚጮህ ሰምቻለሁ› ይላታል።»

«ድልድዩን ያዳኑት እሱ ያንን ስለሰማ ነው። የድሮው መንገደኛ ይህን አያውቅም።»

«ተሳስቼ ነበር። አዲሱ ይበልጣል። ይህን ለማመን ስንት ሌሊት እንደፈጀብኝ አትጠይቂኝ።»

«ግን ሁለቱም ሠሪዎች አንድ ነገር ረስተዋል።»

«በአንዱ እሱ ይሄዳል፣ በሌላው እሷ ትሄዳለች። ድልድዩ ላይ አብሮ የሚቀር የለም።»

«እኔ መሄድ አልችልም ቢታንያ። አንቺ ቅሪልኝ።»

«ለአባ ነግሬያቸዋለሁ። ደስ ብሏቸዋል።»

«እሺ ካልሽ ከዚህ በታች ጻፊ። አራት ሰከንድ ትቼልሻለሁ።»

ከዚያ ምንም የለም። ጥቁር ስክሪን፣ በውስጡም የእሷ ፊት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አለቀ።

የጠየቃት መሄድ አልነበረም፣ መቅረት ነበር። በሁለቱም ፊልም የሌለውን ሦስተኛውን መጨረሻ ፈልጎ ነበር፤ እሷም ከሁሉ ይልቅ የምትፈልገው ይህንኑ መጨረሻ ነበር፤ ያ ደግሞ ለእሷ ብቻ የማይፈቀደው ነው። ያኔ ሐሙስ ዕለት ሳትዘጋው ብታነበው ኖሮ፣ በደስታ ሰክራ ምስጢሯን ከመናገሯ በፊት እሺ ብላ ጽፋለት ይሆን ነበር። ይህን አስባ አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ፣ እንደ ልጅ።

ሲበቃት ፊቷን ታጠበችና የጽሑፉን ፋይል ከፈተች። ከመጨረሻው መስመር በታች፣ እሱ በተወላት ቦታ፣ ሁለት ፊደል ጻፈች። «እሺ።» መልሳ አጫወተችው። ስክሪኑ ሲጠቁር ቃሏ ከግርጌ ወጣ፣ ከእሱ ቃላት ሥር፣ በእሱ ቃላት ልክ። አራት ሰከንድ ቆየ። ደግማ አየችው፣ ሠልሳ አየችው። በሕይወቷ እንዲህ እውነት የሆነ ነገር ጽፋ አታውቅም። መባ ይህን ካየ ጥቅምትን አይጠብቅም። ነገውኑ ይተወዋል፤ ሽማግሌውም በደህናው ዓይናቸው ቁልፉን እየፈለጉ በሩን ይቆልፋሉ።

ያንን ፋይል ትርፍ ሚሞሪ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ቃሏን አጠፋችና ሌላ ሚሞሪ ላይ ሌላ ቅጂ አደረገች፤ ያው ደብዳቤ፣ ያው መስመር፣ መጨረሻው ባዶ። ሁለት ሚሞሪ ሆኑ። አንድ ታሪክ ሁለት ጊዜ ተሠራ።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት ሱቁ በር ላይ ደረሰች። መባ ገና መክፈቱ ነበር። ዓይኑ አብጧል፣ የቀኝ መዳፉን በጨርቅ ጠቅልሎታል። ሚሞሪውን ስትዘረጋለት ተቀበላት። በሁለት ጣቱ ይዞ አየው፣ ከዚያ እሷን አያት።

«እስከ መጨረሻው አነበብሽው?»

«እስከ መጨረሻው።»

«ጨመርሽበት?»

ከጀርባው የተሰቀሉትን የስልክ ሽፋኖች አየች። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አበባ ያለበት። ዓይኑን ብታየው ኖሮ «እሺ» ያለበትንም ትሰጠው ነበር።

«ምንም አልጨመርኩበትም» አለች። «አንተ እንደጻፍከው ነው።»

መባ ሚሞሪውን እንደያዘ ወደ ውስጥ ገባ፤ እሷም ዞራ በባጃጆቹ መሀል ጭቃውን እያማረጠች ሄደች። ኮቷ ኪስ ውስጥ ያለው ቡጢዋ እንደተጨበጠ ነበር። እጇን የከፈተችው ላብራቶሪ ደርሳ ነጩን ጋዋን ልትለብስ ስትል ነው፤ የትንሿ ሚሞሪ አራት ማዕዘን መዳፏ ላይ ታትሞ ነበር። እስኪጠፋ ቆማ አየችው፤ ከዚያ የዕለቱን መቶ ፍሬ ሩዝ መቁጠር ጀመረች።